እትዬ አስካለ እና አሥራ አንዱ የዱር ፈረሶች

መርዶውን የሰማሁት መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ነው። በግ ልትሸጥ የመጣች የሰፈራችን ሴት የበጓን ገመድ እንደያዘች ጠጋ ብላ፣ "እትዬ አስካለ እኮ ዐረፉ፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለችኝ። ገና "እግዚኦ" ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ፣ "ይኸን በግ ስንት ልበለው ትያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። አልተቀየምኳትም። እትዬ አስካለ ራሳቸው ቢሆኑ ከለቅሶው በፊት የበጉን ዋጋ ነበር የሚያስጨርሱት።

ቀብሩ ላይ የቀበሌው ጸሐፊ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። "ወይዘሮ አስካለ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሴቶችን ተሳትፎ በማጎልበት ረገድ ንቁ አባል ነበሩ" አለ። "ንቁ" የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ከኋላዬ የቆሙትን ወንዶች ሁሉ ሳል ያዛቸው። ስለ ፈረሶቹ አንዲት ቃል አልተነበበችም። አልፈረድኩበትም፤ ከፈረሶቹ አንዱ የአባቱ ነበር። የሚያፍር ይፈር፤ እኔ ግን የማውቀውን እጽፋለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ከሀ ሁ በፊት "የጨረታ ማስታወቂያ" ማንበብ የቻልኩ ሴት ነኝ። ከእትዬ አስካለ ጋር ያቆራኘኝም ይኸው ነው። ጎረቤቴ ነበሩ፤ በቤታችን መካከል ያለው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው በየፊናው ተበትነዋል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ። ከእጃቸው እንዝርት አይለይም። የበግ ጠጉር እየፈተሉ መንገድ ይሄዳሉ፣ እየፈተሉ ይሳደባሉ፣ እየፈተሉ ይመርቃሉ። የንስሐ አባታቸው፣ "ኧረ ሲናዘዙ እንኳ ያስቀምጡት" ቢሏቸው፣ "አባቴ፣ የኔ ኃጢአት ተዘርዝሮ እስኪያልቅ አንድ ባና ብርድ ልብስ ይፈተላል፤ ለምን ጊዜ እናጥፋ?" አሉ ይባላል።

ከመንደራችን በላይ ያለው ሰፊ ሜዳ የጋራችን ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር የሚበቅለው እዚያ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በክፉ ዘመን ከብት ይተርፍበታል። ስለዚህ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ የሣር ኮሚቴው "ይከፈት" ያለ ቀን እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያጭዳል። ኮሚቴው ከጥንት ጀምሮ የወንዶች ነበር። ኋላ፣ በዚያ ስብሰባ እንደ እህል በሚዘራበት ዘመን፣ "ሴቶች ይካተቱ" የሚል መመሪያ ከላይ መጣ። የኛ ወንዶች መመሪያ ሲመጣ ታዛዦች ናቸው። ወጣት ሴት ብናስገባ ባሏ ይቀየማል፣ ተናጋሪ ብናስገባ ስብሰባው ይረዝማል ብለው መከሩና ባል የሌላት፣ ጉልበቷ የታመመ፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ፈለጉ። እትዬ አስካለን መረጡ። እሳቸው እስከዚያ ቀን ዝም ያሉት የሚጠይቃቸው ስለጠፋ እንደሆነ ማንም አላሰበም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ በጨዋ ደንብ፣ "እትዬ አስካለ፣ በሴቶች በኩል ምን ይላሉ?" አላቸው።

"በሴቶች በኩል ድንጋዩ ይቆረቁራል" አሉ፣ የተቀመጡበትን እያሳዩ። "በወንዶች በኩል እንዴት ነው?"

ማንበብ ስለማይችሉ ቃለ ጉባኤ በተጻፈ ቁጥር እኔን ያስጠሩኛል። "ያላነበብሽልኝ ነገር ላይ ጣቴን አልነክርም" ይሉኛል። እንዲህ ሆኜ ነው እኔ፣ ምንም ያልተመረጥኩ ሴት፣ የኮሚቴውን ጉድ ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት። ንባቤ ግድግዳ ላይ የተማርኩት ስለሆነ ቀስ ያለ ነው፤ ለውሸት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ያህል ጠላት የለውም።

አሁን ወደ ፈረሶቹ ልምጣ።

ፈረስ በኛ አገር የወንድ ጌጥ ነው። ለጥምቀት ጉግስ፣ ለሠርግ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት በለቅሶው ላይ ተሸልሞ ለመጎተት። የተከበረ ወንድ በራሱ ስም አይጠራም፣ በፈረሱ ስም ነው። ሊቀመንበራችን ግዛው "አባ ዶፍ" ይባላል፤ ዶፍ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበረውና። ነገር ግን የመኪና መንገድ ገባ፣ ሚኒባስ መጣ። ሚኒባስ የቆመ ቀን ጭድ አይጠይቅም። ፈረስ ግን ሠራም አልሠራም ይበላል፤ ጥርሱ ሲያልቅ ደግሞ ጭዱን ትቶ ገብስ ያምረዋል፣ በኛ ብርድ ገብሱ ለሰውም አይዳረስ። "በሬ ሲያረጅ ባለቤቱ ይበላዋል፤ ፈረስ ሲያረጅ ባለቤቱን ይበላዋል" ይሉ ነበር እትዬ አስካለ። ሥጋው አይበላም። ያገለገለን ፍጡር በእጅ መግደል ደግሞ ግፍ ነው፣ ዘር ይከተላል ይባላል።

ስለዚህ ጨዋው አገሬ አንድ ጨዋ መላ አበጀ። ሰውየው ያረጀ ፈረሱን ወደ ጋራው ሜዳ ይወስደዋል፣ ልጓሙን ያወልቃል (ልጓም ገንዘብ ያወጣል፣ አይጣልም)፣ ዳሌውን ቸብ ያደርግና "ማርያም ትጠብቅህ" ብሎ ዞር ሳይል ይመለሳል። "ማርያም ትጠብቅህ" ማለት በኛ ሰፈር አነጋገር "እኔ ከእንግዲህ አልጠብቅህም" ማለት ነው። ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ አንድ ነገር ይላታል። የኔ ባል ተሾመ፣ ቡላ ፈረሳችንን ጅብ በላው አለኝ። ሦስት ቀን አለቀስኩ፤ እሱም አብሮኝ ተክዞ ተቀመጠ፣ አንዴ እንባም ወጣው። ግዛው ደግሞ ዶፍን ዓለም ከተማ ላለ አንድ ሀብታም ነጋዴ ሸጥኩት ብሎ አወራ። ዓለም ከተማ ሩቅ ነው፤ ሄዶ የሚያጣራ የለም። እትዬ አስካለም ነጯን ባዝራቸውን ቀየት ላለው ወንድሜ ሰጠኋት ብለውን ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው የራሱን ውሸት ብቻ ነው። የተዘጋው ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ፈረሶች ተሰብስበው ሲግጡ ከሩቅ እያየ፣ አንዱ የኔ ነው፣ የቀሩት አሥሩ ከሌላ ወረዳ የመጡ ናቸው ብሎ ያምናል። ጎረቤቱ እንደሱ ሊዋሽ እንደሚችል ያልጠረጠረ ሕዝብ ነው። ይህን ያህል እርስ በርስ የሚተማመን መንደር ከየት ይገኛል?

ታዲያ አንድ ቀን ካሜራ ያነገተ ፈረንጅ ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ፈረሶቹን ከሩቅ አየና፣ "እነዚህ የዱር ፈረሶች ናቸው?" ብሎ አስጠየቀ። ግዛው ሳያስብ "አዎን፣ የዱር ናቸው" አለ። ምን ይበል? "የለም፣ ሲያረጁብን ለጅብ የተውናቸው ናቸው" ይበል? ፈረንጁ ደስ ብሎት ፎቶ አንስቶ ሄደ። በሳምንቱ ከላይ አንድ ወጣት ባለሙያ ማኅደር ይዞ መጣ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ክፋቱ የተማረው ሁሉ ትዝ ይለዋል።

"እናቴ" አላቸው እትዬ አስካለን፣ "ባለቤት የሌለው፣ ሜዳ ላይ የሚኖር፣ ሰው የማይቀልበው እንስሳ በሳይንሱ የዱር እንስሳ ይባላል።"

"ልጄ፣ ባለቤት የሌለኝ፣ ሰው የማይቀልበኝ እኔም አለሁ። እኔንም ከነሱ ጋር ትጽፈኛለህ?"

"እርስዎ ቤት አለዎት።"

"ጣሪያውን አላየኸውም መሰለኝ።"

ወንዶቹ ሳቁ። እሳቸው ግን እንዝርታቸውን እያሾሩ ቀጠሉ፤ "ለመሆኑ የዱር ፈረስ ከሆነ፣ ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ጠባሳ ምንድን ነው?"

"የተፈጥሮ ቀለም ሊሆን ይችላል።"

"ወይ ጉድ! ተፈጥሮ ኮርቻ መስፋት ጀመረች በለኛ።"

ባለሙያው ግን ጻፈ። አሥራ አንድ የዱር ፈረሶች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደራችን የዱር ፈረስ ያለው መንደር ሆነ። ወንዶቹ ተንፈስ አሉ። የዱር እንስሳ የመንግሥት ነው፤ የመንግሥት የሆነ ነገር ደግሞ ማንንም አያሳፍርም። የጣሉትን ፈረስ ቱሪስት ሲያደንቅላቸው ማየት እንዴት ያለ ፀጋ ነው! የኔው ተሾመ እንኳ አንድ ቀን ወደ ሜዳው እያየ፣ "የዱር ፈረስ ቅልጥሙ ሲያምር!" አለኝ። ያየው የራሳችንን ቡላ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ አላወቅኩም።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረ። ጭድ አለቀ፣ በግ ከሳ፣ ጣሪያው ሁሉ ደግሞ ሣር ይጠይቃል። ሜዳው መከፈት አለበት። የዱር ፈረሶቹ ግን የተዘጋውን ሣር ሌት ተቀን ይረግጡታል፣ ይግጡታል። ከላይ የመጣው ቃል፣ ፈረሶቹ ሳይወጡ ሣሩ አይከፈትም የሚል ሆነ። ኮሚቴው ተቀምጦ መላ መታ፤ "ወደ ቆላ ይሸኙ።" ቃሉ ያምራል። ወደ ቆላ የሚወርደውን ገደል የምታውቁ ግን ታውቁታላችሁ፤ ፍየል እንኳ አማትባ ነው የምትወርደው። ጥርሱ ያለቀ፣ ዓይኑ የደከመ ፈረስ እዚያ ተነድቶ የት እንደሚደርስ ሁሉም ያውቃል። ይህን የመሰለ ውሳኔ ደግሞ የአባላት ሁሉ ፊርማና አሻራ ያስፈልገው ነበር።

እኔ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። "አሥራ አንድ የዱር ፈረሶች ወደ ቆላ እንዲሸኙ..." ስል እንዝርታቸው ቀጥ አለ። ሁሉም አባላት ፈርመዋል፤ የቀረው የሳቸው አሻራ ነው።

"ጣቴን አልነክርም" አሉ።

"እትዬ አስካለ" አለ ግዛው፣ "ሕዝቡ እኮ ሣሩን እየጠበቀ ነው።"

"አየዋለሁ። እኔም ሕዝብ ነኝ።"

"ከሁሉም የባሰው ጣሪያ የርስዎ ነው። ቤትዎ ሊወርድብዎት ነው!"

"ቤቴ ነዋ የሚወርድብኝ። አንተን ምን አስጨነቀህ?"

ግዛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልማት የሚያደናቅፍ አባል በግምገማ ይነሣል። የተነሣ አባል ደግሞ ዘንድሮ ድርሻው ሊቀር ይችላል። ለርስዎ ብዬ ነው።"

ይህ ቀልድ አልነበረም። ድርሻቸው ቀረ ማለት ክረምቱን ያለ ጣሪያ ገቡ ማለት ነው፤ የመንዝን ክረምት ያለ ጣሪያ ደግሞ በግም አይችለው። መንደሩም ፊቱን አዞረባቸው። ውሃ ስንቀዳ፣ "አንዲት አሮጊት ጣቷን ደብቃ ይኸው ሣራችን ተረግጦ አለቀ" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ የራሴን ጣሪያ እያየሁ ምናለ ጣታቸውን ቢነክሩ ብያለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ራሳቸው ጀመሩ። "አሻራዬን እሰጣለሁ" አሉ። ግዛው ቀለሙን ሊያቀርብላቸው ተነሣ። "ቁጭ በል፣ አልጨረስኩም። የዱር ናቸው አላችሁ አይደል? የዱር እንስሳ ሰው ይሸሻል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሜዳው ወደ መንደር አውርዱልኝ። ምንጩ ጋ ስትደርሱ ልቀቋቸው፣ ማንም አይምራቸው። ሰው አይተው ከሸሹ የዱር ናቸው፤ እዚያው ሕዝቡ ፊት አሥሩንም ጣቴን እነክርላችኋለሁ።"

ባለሙያው ወዲያው ወደደው። "የመስክ ሙከራ ነው" አለና ጻፈ። ግዛው ትንሽ ተቁነጠነጠ። ግን ምን ብሎ እምቢ ይበል? ደግሞም አንድ ነው ብሎ አስቧል፤ ከአሥራ አንዱ መንደሩን የሚያውቀው የሱው አንዱ ብቻ ነው። ያ አንዱ ሊመጣ ቢል እንኳ አሥሩ ሲሸሹ አብሮ ይሸሻል። ሌሎቹም አባላት እንደዚያው አሰቡ። ይኸ የጋራ ብልሃት ነው በኋላ የጋራ ጉድ የሆነው።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ አስካለ ካቡ ላይ ተደግፈው ጠሩኝ።

"አንቺ ጌጤ፣ ባዝራ ስንት ዓመት ትኖራለች?"

"እኔ ምን አውቄ እትዬ። ምነው?"

"ምንም። ዕድሜ ለጠላት ነው የሚረዝም" ብለው ገቡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ከዚያ ሆኖ ምንጩም፣ የየሰዉ ደጃፍም ይታያል። ፈረሶቹ ከጋራው ጫፍ ብቅ አሉ፤ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል፣ ጋማቸው ተጎሳቁሏል። የነዷቸው ወንዶች ምንጩ ጋ ለቀቋቸውና ወደ ኋላ ቀሩ። ፈረሶቹ ውሃ ጠጡ። ባለሙያው ማኅደሩን ከፍቶ ብዕሩን አዘጋጀ።

አልሸሹም።

መጀመሪያ አንድ ጉራች ፈረስ ቀና አለና አየሩን አሸተተ። ከዚያ ሰው ከገበያ እንደሚመለስ ቀስ ብሎ መንገዱን ያዘ። ወደ ግራ ታጠፈ፣ የጸሐፊው አባት ደጃፍ ሲደርስ ቆመ፣ አንገቱንም በካቡ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ አየ። "ይኸ የማነው?" አለ አንዱ ከሕዝቡ መካከል። "እኔ እንጃ፣ አላውቀውም" አለ የጸሐፊው አባት። ፈረሱ ግን ያውቀዋል።

ቀጥሎ ሁለት አብረው መጡ፤ አንዱ ወደ ገንዘብ ያዣችን ቤት፣ አንዱ ወደ ወንድሙ ቤት። የኛ ቡላ ሳያስብ ሳይጠይቅ በቀጥታ በራችን ላይ ሄዶ ቆመ፤ እንደ ድሮው የቀኝ የፊት እግሩን እያነሣ መሬቱን መታ። ዘወር ብዬ ተሾመን አየሁት። ጫማውን እያየ ነው።

"ጅብ በላው አላልከኝም?"

"ጨለማ ነበር... መስሎኝ ነው።"

"ጅቡስ ምን ብሎ ተፋው?"

ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ ማታ ለቡላ ገብስ የሚሰጠው ራሱ ነው፤ እኔ ሳልጠይቀው።

ዶፍ ሲመጣ ግን ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ኮከብ የማያውቅ ሰው የለም፤ ስንት ጥምቀት አጨብጭበንለታል። አንካሳ ሆኗል። እያነከሰ የሊቀመንበሩ ደጅ ደረሰ። የግዛው ሚስት ከሕዝቡ መካከል ሮጣ ወጣችና አንገቱን አቀፈችው።

"ዶፍ! አንተ ዓለም ከተማ አልነበርክም እንዴ? ከዓለም ከተማ በእግርህ መጣህ?"

"ሴትዮ፣ መስሎሽ ነው" አለ ግዛው ከሩቅ።

"መስሎኝ? አንተን ነው እንጂ መስሎኝ ያገባሁት!"

እንደዚያን ቀን የሳቅንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ግን ሳቁን አንድ ነገር አቋረጠው። አንድ ቦራ ፈረስ ከመንደሩ ጫፍ ወዳለው ፍርስራሽ ሄደ። የዚያ ቤት ሰዎች ለሠፈራ ከሄዱ ቆይቷል፤ ጣሪያው ወድቋል፣ የቀረው ድንጋይ ነው። ፈረሱ በሩ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆመ። የሚከፍትለት እየጠበቀ ቆመ። በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ውሃ እንዲያመላልስ ተሰጠ፤ ቀለብ የሚችለውም ሰንበቴው ሆነ።

አሥሩ ፈረሶች እንዲህ ደጃፋቸውን አገኙ። አሥራ አንደኛዋ ነጭ ባዝራ ነበረች፤ ምንጩ ጋ ቆይታለች፣ ከሁሉም የባሰች አሮጊት እሷ ናት። አዝግማ አዝግማ፣ የኔን በር አልፋ፣ እትዬ አስካለ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች።

አቤት የወንዶቹ ደስታ! ያፈረ ሰው ሌላ የሚያፍር ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ግዛው እጁን ወደ ሰማይ አነሣ። "እትዬ አስካለ! ባዝራዎ ቀየት ነበረች አይደል?"

እሳቸው እንዝርቱን መቀነታቸው ውስጥ ሰኩት። ያለ እንዝርት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ደጃቸው ሄዱ፣ አጥሩን ከፈቱ፣ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

"ቀየት አልሄደችም። የኔ ናት። ጉልበቴ ታመመ፣ ጭዴ አለቀ፤ ራሴ ጎትቼ ወስጄ ማርያም ትጠብቅሽ አልኳት። ማርያምን ሳላስፈቅድ።"

"ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን አስነዷቸው?" አለ ግዛው። የምሩን ነው የጠየቀው፤ ገብቶት አልነበረም። "ዝም ብለው አሻራዎን ቢያኖሩ እኮ እርስዎም አያፍሩ፣ እኛም አናፍር፣ ሣርዎንም ይወስዱ ነበር።"

"አንዴ ጥያታለሁ፣ አባ ዶፍ። ሁለቴ አልጥላትም" አሉና ባዝራዋን "ግቢ" አሏት። ገባች።

ያ ስብሰባ ሌላ ቃለ ጉባኤ ወለደ። ሁሉም ፈረሱን ቤቱ ይቀልባል፤ ፈረሱን መልሶ ሜዳ ላይ የለቀቀ የሣር ድርሻውን ያጣል። አሥር ጣት ተነከረበት፣ የእትዬ አስካለም አብሮ። እኔ ቀስ ብዬ አነበብኩ፤ ማንም አላቋረጠኝም። ሁሉም ቃሉን ጠበቀ ብዬ አልዋሽም። ሁለት ፈረሶች በወሩ "ጠፉ"፣ ባለቤቶቻቸውም ሣሩ ሲታጨድ ቆመው አዩ። ግዛው ዶፍን መቀለብ አማረረው፤ ሚስቱ ግን ጎትቶ እንዳይወስደው ልጓሙን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች ይባል ነበር።

ባለሙያውስ? ሪፖርቱን ጸሐፊው አሳይቶኝ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። "በአንድ ቀን ውስጥ አሥራ አንድ የዱር ፈረሶችን ሙሉ በሙሉ ማላመድ ተችሏል" ይላል። ከሌላ ቀበሌ ሰዎች ልምድ ሊቀስሙ በመኪና ተጭነው መጡ። "እንዴት አላመዳችኋቸው?" ብለው ሲጠይቁ ግዛው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "በተቀናጀ ርብርብ ነው" አለ። እትዬ አስካለ አጠገቡ ተቀምጠው እየፈተሉ፣ "እነሱስ ድሮም ለማዳ ነበሩ፤ የከበደን ሰዎቹን ማላመድ ነው" አሉ። እንግዶቹ ይህንንም ጻፉት።

ሣሩ ተከፈተ፣ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ድርሻውን አጨደ፣ መንደሩ ጣሪያውን ከደነ። እትዬ አስካለም የድርሻቸውን ተሸክመን አስገባንላቸው፤ ለአንድ ጣሪያ ልክ የሚበቃ ነበር። ተሾመ የሚከድንላቸው ሰው ሊልክ ሁለቴ ጠየቃቸው። "ቆይ፣ አይቸኩል" እያሉ መለሱት። ጭድ የሚባል ነገር በዚያ ዓመት በመንደሩ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያጓራ ትኩስ ነገር ይዤላቸው ገባሁ። ጣሪያው በአራት በኩል ያፈስሳል። አልጋቸውን ወደ ጥግ ስበውታል፤ ከሚያንጠባጥበው ሥር ጣሳ ደርድረዋል። ደረቁ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ባዝራዋ ቆማ ያን የጣሪያ ሣር በሌለው ጥርሷ ታላምጣለች። ለስለስ እንዲልላት በእጃቸው እየቆራረጡ፣ ለብ ባለ ውሃ እያራሱ ነበር የሚሰጧት።

"ኧረ እትዬ!" አልኳቸው። "ቤቱ ራስዎ ላይ እያፈሰሰ ጣሪያውን ለፈረስ ያበሉታል?"

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት፣ ከዚያ ባዝራዋን አዩ።

"ቤቱ መቼ ገበያ አድርሶኝ ያውቃል?" አሉ።

የሞላውን ጣሳ አንሥቼ ውጭ ደፋሁትና፣ መልሼ ከሚያፈስሰው ሥር አስቀመጥኩላቸው።